አልጮህም ያለው ሾፌር

ደምሴ ያረፈ ለታ ማለዳ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሲዞር የሟቹን ስም ጠርቶ ቆም አለ። ሌላ ጊዜ ስሙን፣ ሰዓቱንና የሚቀበርበትን ደብር በአንድ ትንፋሽ ነው የሚለው። ያን ለታ ግን ደብሩ ጋ ሲደርስ አፉን ዘጋና ወደሚቀጥለው ሕንፃ አለፈ። መስኮቴን ከፍቼ እሰማው ነበር። የት እንደሚቀበር አያውቅም። የሚያውቅ ሰውም አልነበረም።

ሞቱን እኔ ከጡሩምባው በፊት አውቄዋለሁ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ነፍሱ የወጣችው ሚስቱ አስካለ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት ባለችበት ሰዓት ነው። ነገሩ ሁሉ እኔ ላይ የወደቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ታች ስወርድ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነበር። ምሰሶ ከያዙት ጎረምሶች አንዱ፣ "ከሃዲው ሞተ አይደል? የት ሊቀብሩት ነው፣ ጋራዥ?" አለ። ሌላው ሳቀ። ሲያዩኝ ወደ ምሰሶው ዞሩ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረጃው ሥር ትጠብቀኝ ነበርና እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት፤ ያምኑዎታል" አለችኝ። "ቄሱ አሁን ይመጣሉ። የንስሐ አባት እንደሌለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እርስዎ አንዲት ቃል ብቻ ይበሉልኝ። ሲያጣጥር ማርያምን ጠራ ይበሉ።"

እጄን ከእጇ ቀስ ብዬ አወጣሁ።

"እንደ ውሻ ሊጣል ነው? ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሊኖሩ ነው?"

እስኪመጡ ልቀመጥ ብያት ከሕንፃው ጀርባ ሄድኩ። እዚያ ልጆች የሚዘሉበት አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ወድቋል። እሱ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎማ ላይ መቀመጥ የሥራዬ ልማድ ነው። ደምሴንም ያወቅኩት ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው።

በደርግ ጊዜ በጦሩ ውስጥ የአንድ ትራንስፖርት ክፍል ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ አወልቃለሁ፣ የተበሳውን እጠግናለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቢንገዳገድ ከዚያ የመጣ ነው። ደምሴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ። ቤታችንም ልደታ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ያኔ ይሄ ፎቅ የለም፤ ጭቃ ቤትና ቆርቆሮ ነበር። የሱ በር ከኔ በር ትይዩ፣ የውሃ ቧንቧው መሃል ላይ። ቀን በሥራ፣ ማታ ቧንቧው ጋ እንተያያለን።

ደስ የሚል ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ሰው የሚያስቀይም አፍ ነበረው። እንዴት አደርክ ሲሉት እንደ ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" አይልም፤ "አልሞትኩም" ይላል። መቼም በኛ አገር ያለ እግዜር ሰላምታ የለም፣ ያለ እግዜር ምስጋናም የለም። ስለዚህ ገና በጠዋቱ ከሰው ይጣላል። ግቢያችን ውስጥ አንዲት መበለት ነበሩ። አንድ ቀን የውሃ ባልዲያቸውን እቤታቸው ድረስ ተሸክሞላቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ቢሉት፣ "እሱ ምን አገባው፣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ" አላቸው። አማተቡ። ከዚያ በኋላ ባልዲያቸውን ማንሳቱን አልተወም፤ እሳቸውም እየተከተሉ መርገማቸውን አልተዉም።

ለቅሶ ቤት ገብቶ "ነፍስ ይማር" አይልም። የእድሩን ምሰሶ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸከመው ግን እሱ ነው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረውም እሱ ነው። "ለሟቹ አልችልበትም፣ ለቋሚው ውሃ ልቅዳ" ይላል። ሰው ይሄንንም አልወደደለትም። ሥራውን ወስዶ ሰውየውን መጥላት ቀላል ነገር ነው።

መቼ ነው የካድከው ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። "ሰው ሁሉ መቼ እንደወጣሁ ይጠይቀኛል። አንተ መቼ እንደገባህ ታስታውሳለህ?" አለኝ። በአርባ ቀኔ ነው የተጠመቅኩት፤ ምኑን አስታውሳለሁ። ሌላ አልጠየቅኩትም። እኔ አማኝ ነኝ፣ ዛሬም አማኝ ነኝ። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳን ከእምነቴ ሊያስወጣኝ ሞክሮ አያውቅም።

ዘመኑ እግዚአብሔር የለም እየተባለ የሚሰበክበት ነበርና ለደምሴ የተመቸው ይመስላል። አልተመቸውም። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ታደለ ማክሰኞ ማክሰኞ ጋራዡ ውስጥ ሰብስቦ ያስተምረናል። አንዱን ማክሰኞ ለአዲስ ምልምሎች ምሳሌ እንዲሆን ደምሴን አስነሳው። ደምሴ ቆመና፣ "እኔ አላምንም። የእናንተን ራሳችሁ እወቁ" ብሎ ተቀመጠ። ታደለ የጠበቀው ሌላ ነበር፤ ቅር አለው። ታደለ ራሱ ልጁን በድብቅ አክስቱ አገር ወስዶ ክርስትና እንዳስነሳ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። አብዛኛው እንደዚያው ነበርና ማንም አላወራበትም። በአፍ የካደው ብዙ ነበር። በልቡ የማያምነው ደምሴ ከነሱም ጋር ከኛም ጋር አልሆነም።

ደምሴ የታመመው ከሰሜን ሲመለስ ነው። ጦርነቱ በከፋበት ዓመት ከአንድ ጉዞ ተመልሶ መኪናውን ጎማ ቤቴ በር ላይ አቆመና፣ የኋላውን ግራ ጎማ አውጣልኝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አዲስ ነው፣ ጭረት እንኳን የለውም።

"ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?"

"አውጣልኝ አልኩህ።"

ክሪኩን ከትቼ ቡሎኑን ፈታሁ። ሌላ ጊዜ ጎማ አስሬ ስጨርስ መዳፉን በዙሪያው ያስኬዳል፣ የፈረስ አንገት እንደሚዳስስ ሰው። ያን ለታ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ማንም በሌለበት ፍሬን መያዝ ጀመረ። ሰንጋ ተራ አጠገብ ከኋላ ወታደር ጭኖ ሲሄድ በድንገት ፍሬኑ ላይ ቆመ። ከኋላ የነበሩት ተደራረቡ፤ የአንዱ ጥርስ ረገፈ። ወርደው ሊደበድቡት ጋቢናውን ሲከፍቱ እሱ መንገዱን እያየ፣ "አለፈ?" ብሎ ጠየቃቸው። የሚያልፍ ሰው አልነበረም። እንቅልፍም አጣ። አስካለን በየጠዋቱ ቧንቧው ጋ ዓይኗ ቀልቶ አገኛት ነበር።

የሚገርመው ግን መታመሙን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው እሱ ራሱ ነው። ሌላው ሰው ሲያብድ አላበድኩም ይላል። ደምሴ "ታምሜያለሁ" እያለ ይዞር ነበር፤ የሚሰማው ጠፋ እንጂ። ወደ ክፍሉ ክሊኒክ ሄዶ ድሬሰሩን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ላከኝ አለው። ድሬሰሩ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ጨርቅህን ስትጥል ና" ብሎ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠው።

"ጨርቄን የምጥለው እኮ መኪና ላይ ነው" አለ ደምሴ። "ከኋላዬ ሰው ጭኜ።"

የሚፈልገው ይሄንን ነበር፤ ከመሪው እንዲያወርዱትና ሐኪም እንዲያየው። ያለ ክፍሉ ፈቃድ ደግሞ ወታደር የትም አይታከምም። ፈቃዱ በታደለ እጅ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ሊበሉ በሄዱበት፣ ታደለ ጎማ ቤቴ ገባና በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ደምሴ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ታደለ እኔን እንደ ዕቃ ነው የሚያየኝና ውጣ እንኳን አላለኝም።

"ሃምሳ አለቃ፣ የአእምሮ ሐኪም የምትለውን ተወው" አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንዴ ፋይልህ ላይ ከገባ አይወጣም። ክፍሉም ይሰደብበታል። ጠበል ሂድ። የቤተሰብ ጉዳይ ብለን ፈቃድ እሰጥሃለሁ። የኔንም እናት ያዳናት ጠበል ነው።"

ደምሴ ከተቀመጠበት ተነሳ። "ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያስተምሩን ምንድን ነው ታዲያ፣ ጓድ?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ትምህርቱ እውነት ከሆነ ውሃው ውሃ ነው። ውሃው የሚያድን ከሆነ ትምህርቱን ይተዉት። አንዱን ይምረጡልኝ።"

"እንደ ወንድም ነው የመከርኩህ።"

"ወንድሜ ከሆኑ ሐኪም ዘንድ ይላኩኝ።"

ታደለ በሩን ከፍቶ ወጣ። ደምሴ በዚያች ምሳ ሰዓት ጠላት ገዛ። ሰው ምስጢሩን ሰጥቶህ ካልተቀበልከው፣ ምስጢሩንም አንተንም አይረሳም።

ብዙም ሳይቆይ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ያላየ ሰው እንዲገባው ልንገር። አጠፋ የተባለው ሰው በሁሉ ፊት ይቆማል። ይህን ጥፋት የፈጸምኩት ከንዑስ ከበርቴ ባሕሪዬ ሳልላቀቅ በመቅረቴ ነው፣ ጓዶች ይማሩኝ፣ ይላል። ይጨበጨብለታል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቃሉን ሁላችንም እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላችን ይዘነዋል። ማንም አምኖበት አይልም፣ ማንም አምኖት አይሰማም። ብሎ መገላገል ነው።

ደምሴን አስነሱት። ክሱ ፍርሃት ነው፤ ግንባር ላለመሄድ እብድ መስሎ የጓዶችን ጥርስ አስረገፈ የሚል። ቆመ። ከኋላው የነበርነው ቃሉን በሹክሹክታ እናቀብለው ጀመር፣ የጠፋው መስሎን።

"ስሜ ደምሴ ነው። ሾፌር ነኝ። ታምሜያለሁ" አለ።

ታደለ ግለ ሂስህን አድርግ አለው።

"ጥፋት ብሠራ እናገር ነበር። ወባ የያዘው ሰው ግለ ሂስ ያደርጋል?"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጎዳው። ከዚያ በኋላ እየተነሱ ወረዱበት። ፈሪ አሉት፣ ፀረ አብዮት አሉት፣ የወንበዴ ጆሮ አሉት። ከሁሉ የባሰው፣ በሰሜን መንገድ ላይ ቆስሎ ደምሴ ጭኖ ያመጣው አንድ አስር አለቃ ተነስቶ፣ እግዜርን የካደ ሰው አገሩን ቢክድ ምን ይገርማል አለ። እግዜር የለም በሚባልበት ስብሰባ ይሄን ተናገረ፤ ታደለም ዝም ብሎ አሳለፈው። ደምሴ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሞ ሰማቸውና፣ ሲያበቁ፣ "ታምሜያለሁ" ብሎ ደገመላቸው። ከዚያው ወደ ክፍሉ እስር ቤት ወሰዱት።

ፈቱት ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን አስካለ ደጄ ድረስ መጣች። ታደለ አስጠርቷት የቤተሰብ ጉዳይ የሚል ፈቃድ ሰጥቷታል። ወንድሟ ጠንካራ ሰዎች ይዞ መጥቷል። ጠበል ሊወስዱት ነው።

"እሺ ይላል?" አልኳት።

"እሺ እንዲል ማን ይጠይቀዋል" አለች።

አልፈርድባትም። ባሏ ተኝቶ ሲጮህ፣ ነቅቶ ሲያፈጥ አብራው የምታድረው እሷ ናት። እኔም አብሬ ሄድኩ። ጠበል ልጄን ከሞት አስጥሎልኛል፤ አምንበታለሁ። ይሻለው ይሆናል አልኩ። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ቦታው ምን አደረገ።

እጁን በገመድ አስረው አመጡት። አልታገለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ራቁቱን በሰልፍ ይንቀጠቀጣል። እዚያም ወግ አለው። ውሃው ሲያርፍበት መንፈሱ ይጮኻል፤ ማነህ ሲሉት ስሙን ይናገራል፣ መቼና የት እንደያዘው ይለፈልፋል፤ ልቀቅ ሲባል ለቀቅኩ ብሎ ይወጣል። ከደምሴ በፊት የነበረች ልጅ እንዲህ ብላ ጮኻ፣ ወድቃ፣ ተነስታ፣ ፊቷ በርቶ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ዳነች እላለሁ።

ተራው ደረሰ። አጥማቂው ውሃውን አወረዱበትና በመቁጠሪያው ትከሻውን መቱት።

"ማነህ?"

"ደምሴ።"

"እሱን አይደለም የምጠይቀው፣ አንተን ነው። ማነህ?"

"ደምሴ ነኝ።"

"መቼ ነው የያዝከው?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

ሰዉ አጉረመረመ። ክፉ ነው፣ ስሙን ደብቋል አሉ። ደረቅ ነው አሉ። አንዷ ሴት ምን ያልታደለ ቤት ነው ብላ ከንፈሯን መጠጠች። አጥማቂው ደጋግመው መቱት፣ ጩህ አሉት።

"አልጮህም" አለ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። "በርዶኛል እንጂ እዚህ የሚያስጮህ አላመመኝም።"

በቃ፣ ያ ሆነ መፍረጃው። የሚጮህ መንፈስ ቀላል ነው፣ ይወጣል። የማይጮኸው ነው አለቃው። ይህ ቶሎ አይለቅም ብለው በየቀኑ እንዲጠመቅ አዘዙ። በእርጋታ በመለሰ ቁጥር እርጋታው ራሱ ምስክር ሆነበት። አብደሃል ያሉት ሁሉ የፈለጉት አንድ ጩኸት ነበር፤ የሱ ጥፋት እንደ ጤነኛ ማውራቱ ነው።

በኋላ ላይ አስካለ እግሩ ላይ ወደቀች። "ስለ ልጆችህ ብለህ ጩህ" አለችው። "ዝም ብለህ ጩህ። ማን ያውቃል?"

እኔ ፎጣ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። ደምሴ እጁ ታስሯልና ሊያነሳት አልቻለም፤ ቁጢጥ አለላት።

"አስኩ፣ ከጮህኩ ዳነ ይላሉ" አላት። "ዳነ ካሉ ነገ መሪ ያስይዙኛል። ከዚያ የማንን ልጅ ገደል እንደምከት አላውቅም።"

እሷ ሰማችው ወይ? የሰማች አይመስለኝም። ሰው በጭንቅ ሲያለቅስ ጆሮው ይደፈናል። እኔ ግን ሰምቻለሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እልኸኛ ነው እያልኩ ነበር የማስበው።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ታደለ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። የአስካለን ወንድም ቀስ ብሎ ጠየቀው። አልጮኸም አለው። ታደለ ደስ አለው። ካልጮኸ ሰይጣን የለበትም፤ ሰይጣን ከሌለበት ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ይነዳል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሰይጣን የሚባል የለም ብሎ የሚያስተምረን ሰው እንዲህ ፈረደ። ደምሴ በሚቀጥለው ጉዞ ወደ ሰሜን እንዲወጣ ታዘዘ።

መኪኖቹ በተሰለፉበት ጠዋት ሁሉም ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ፣ ደምሴ ቁልፉን ነቅሎ ከጋቢናው ወረደና የራሱ መኪና ጎማ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። ከኋላ የተጫኑት ልጆች ሰደቡት፤ አንዱ ምራቁን ተፋበት። ወታደሮች መጥተው ጎትተው አነሱት። ቁልፉን ግን ከመዳፉ ለማስለቀቅ ብዙ ታግለዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይረሸን ነበር። ያዳነው ያ የጠበል ፈቃድ ነው። ወደ ጦር ፍርድ ቤት ከቀረበና አፉን ከከፈተ፣ የፖለቲካ ኃላፊው ወታደሩን ጠበል መላኩ ሊወጣ ነው። ታደለ ይሄን ፈራ። ማዕረጉን ገፎ፣ በክፍሉ እስር ቤት ክረምቱን አቆይቶት፣ ጎማ ቤት ወረወረው፤ ከኔ ጋር። ደምሴ ያን ምስጢር ለማንም አላወጣም። ታደለ ግን ይሄንንም አላመነውም፤ ባየው ቁጥር ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

ጎማ ቤት አብረን ብዙ ዘመን ሠራን። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ቡሎን ሲይዝ እኔ እንዳላየሁ ሆኜ ቁልፉን አቀብለዋለሁ። ሾፌሮቹ ሲገቡ፣ "እብዱ፣ ሰይጣንህ እንዴት አደረ?" ይሉታል። "አልሞተም" ይላቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ "ያ ጎማ የት ደረሰ?" አለኝ።

"የቱ?"

"የኋላው ግራ።"

ሌላ መኪና ላይ ማሰሬን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ነገረኝ። ተሰልፈው ቁልቁለት ሲወርዱ ነው፤ ለማንም እንዳይቆሙ ታዘዋል፤ ያቆመ ሁሉንም ያስፈጃል ተብለዋል። መታጠፊያው ላይ የኛው ወታደር፣ እግሩ የቆሰለ፣ መንገዱ ላይ ተቀምጦ እጁን አነሳ። ጫኑኝ ነው የሚለው። "እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር" አለኝ። "ከኋላዬ ያለው ጥሩምባ ነፋብኝ። አልረገጥኩትም።"

"በጎን አልፈኸው ይሆናል" አልኩት።

"የኋላው ግራ ከፍ ብሎ ወረደ። ሾፌር ድንጋይ ይለያል፣ በቀለ።"

በእጁ የያዘውን ቡሎን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ለቄስ ብናገር ይፍታህ ይለኛል። ለታደለ ብናገር ትእዛዝ አክብረሃል፣ ጀግና ነህ ይለኛል። ሁለቱም ሳያዩት ይዘጉታል። እኔ የፈለግኩት የሚያይልኝ ነው።"

ከአፌ የወጣው፣ "እግዜር ያውቃል" የሚለው ሆነ። እንደ ልማዱ ይዘልፈኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"እሱን ተወው" አለኝ። "አንተ አወቅህ አይደል?"

"አወቅኩ።"

"ይሁን" አለና ቡሎኑን አነሳ።

ሐኪም ያየው ጦሩ ከተበተነ በኋላ ነው። የማንም ፈቃድ ሳያስፈልገው፣ በሲቪል ልብስ፣ ራሱ በእግሩ ሄደ። አንዲት ወጣት ሐኪም ብዙ አዳመጠችውና እስከ ዛሬ የት ነበሩ አለችው። ደጅ ስጠና አላት። በሽታ እንደሆነ፣ የራሱ ስም እንዳለው ነገረችው። ያን ቀን ሻይ ጋበዘኝ። መድኃኒቱን እየዋጠ እንቅልፍ አገኘ፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ግን እስከ መጨረሻው አልቆመም። መሪም ዳግመኛ አልያዘም። ታክሲ ስንሳፈር እንኳን ጋቢና አይቀመጥም ነበር።

ከጎማው ላይ ያስነሳኝ የእድሩ ዳኛ ነው። ቄሱ መጥተዋል። ድንኳኑ ውስጥ አስካለና ልጆቿ ተቀምጠዋል፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፣ ሥርዓቱን ነው የሚጠይቁት።

"በመጨረሻው ሰዓት አብረኸው ነበርክ አሉኝ። የአምላክን ስም ጠራ?"

አስካለ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም። ቃሏ ቀላል ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ብሎ መገላገል ነው። ለቀባሪውም ለልጆቹም ይበጃል። እኔም ብሆን ጠርቶ ቢሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር። ግን ያ ሰው ይህችን ዓይነት ቃል አልልም ብሎ በስብሰባ ቆሟል፣ በብርድ ተመቷል፣ ምራቅ ተተፍቶበታል። ዛሬ አፉ ተዘግቶ ሳለ እኔ ልጮህለት ነው?

"መስኮቱን ክፈተው ነው ያለኝ፣ አባቴ። ከፈትኩለት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።"

"በልቡ ግን…" አሉ፣ የምወጣበትን በር ገርበብ እንዳደረገ ሰው እየጠበቁኝ።

"የልቡን እኔ አልናገርም" አልኩና መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

የተቀበረው በማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ነው፣ ጥቂት ሰው ሆነን። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ምን እንደሚባል ጠፍቶን ተያየን። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አስካለ፣ "አንተ ነህ እንደ ውሻ ያስቀበርከው" አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንተ ብላኝ አታውቅም። ዛሬም ደረጃው ላይ ስንገናኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ባልዲዋን ባነሳላት ተቀብላ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔም ማንሳቱን አልተውኩም።

ማታ ማታ ቤቴ ውስጥ ስጸልይ ለደምሴም እጸልያለሁ። ጸሎቱ የኔ ነው፣ እሱ አልላከኝም። ስለዚህ ተጸጸተ አልልም፣ አመነ አልልም። "ደምሴ ይባላል፤ ታሞ ነበር" እላለሁ። እሱ ስለ ራሱ የተናገረው ይሄንኑ ነው፤ ከላዩ አልጨምርበትም።